ሐረጎ የገለጠው ጉድለት



ሰው ለዓመታት ከጉሮሮው ቀንሶ ያጠራቀመውን ገንዘብ በአንድ ጠዋት ለማያውቀው ሰው ቆጥሮ የሚያስረክብበት ቀን በዕድሜው ብዙ ጊዜ አይገጥመውም። መኪና መግዛት ከእነዚህ ቀናት አንዱ ነው። ቤት የሚገዛ ሰው ግድግዳውን ይደበድባል፣ ጣራውን ያያል፣ ጎረቤት ይጠይቃል። በሬ የሚገዛ ገበሬ ጥርሱን ያያል፣ ሸኮናውን ያነሳል፣ አስነድቶ ይመለከታል። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ደመወዝተኛ ግን ብዙውን ጊዜ የሚያየው ቀለሙን ነው። እኛም ያየነው ቀለሙን ነበር።

ነገሩ የደረሰው በ2015 ዓ.ም. ነው። በኮምቦልቻ የምንኖር ሁለት ወንድማማቾች ነን። አንዳችን፣ ማለትም ይህን የሚጽፈው፣ በመድረሳና በመንግሥት ትምህርት ቤት መካከል ሲመላለስ አድጎ ዛሬ ፊዚክስ ያስተምራል። ታናሻችን ደግሞ መንጃ ፈቃድ እንጂ የሚነዳው መኪና ያልነበረው ወጣት ነው። እናታችን የስኳር ሕመም ስላለባት ለክትትል ወደ ደሴ መመላለስ አለባት። ታላቅ እህታችን በሪያድ ሰው ቤት ስድስት ዓመት ሠርታ ያጠራቀመችውን ላከችና «እናቴ በሚኒባስ ስትንገላታ አልይ፤ ትንሽም ብትሆን መኪና ግዙላት፤ በተረፈው ቀን ወንድሜ ይሥራባት» አለችን። የእሷ ገንዘብ፣ የእኛ ቁጠባና የእቁብ ዕጣችን ተደምሮ 540 ሺህ ብር ሞላ።

በዚህ ገንዘብ የሚገኘው ከብዙዎቻችን ዕድሜ ጋር የሚቀራረብ ቶዮታ ዲኤክስ ነበር። ውጭ አገር ያለ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪኖች ላይ የሚጣለውን ታክስ፣ እንደ ዕድሜያቸው፣ እስከ 500 በመቶ አድርሶታል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ የማይሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ዋጋው ሲወደድ ጊዜ መኪናን ከመጣል መጠገን፣ ከመጠገንም ደኅና ማስመሰል የሚያዋጣው ሰው በዝቷል።

መኪናዋን ያገኘናት ደሴ ውስጥ መኪና ገዝቶ በመሸጥ ከሚተዳደር አንድ ነጋዴ ዘንድ ነው። ስሙንም ሰፈሩንም አንጠቅስም። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ስንደርስ መኪናዋ ታጥባ፣ ሞተሯ ተነሥቶ ጠበቀችን። ኮፈኑ ትኩስ ነበር። ትኩስ ኮፈን ምን ማለት እንደ ሆነ ያን ጊዜ አላወቅንም፤ እንዲያውም «ዝግጁ አድርጎ ጠበቀን» ብለን ደስ አለን። ነጋዴው «ኡስታዝ፣ ይቺ እኮ የሴት ልጅ መኪና ነበረች፤ ከቤት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ቤት ብቻ ነው። ወላሂ ለእናንተ ብዬ ነው» አለን። ደላላውም በመሐላው ላይ መሐላ ጨመረ። ከፒያሳ እስከ ሙጋድ ነዳናት፤ ምንም የሚሰማ ድምፅ አልነበረም። ውልና ማስረጃ ቀርበን ፈረምን። ከውሉ መካከል «ገዢዎች መኪናዋን አይተውና ፈትሸው ባለችበት ሁኔታ ገዝተዋል» የሚል መስመር ነበር። አነበብነው፤ አለፍነው። የተፈተሸው ሊብሬው ብቻ ነበር።

የዚያን ዕለት ሐረጎን ወርደን ኮምቦልቻ በሰላም ገባን። ቁልቁለት ሞተርን አያሳጣም።

ጉዱ የወጣው በሦስተኛው ቀን እናታችንን ይዘን ወደ ደሴ ስንወጣ ነው። መንገዱን ለማያውቅ አንባቢ ለመግለጽ ያህል፣ ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1850 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ደሴ ደግሞ ወደ 2500 ሜትር ትጠጋለች። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። በዚህ አጭር መንገድ ከ600 ሜትር በላይ መውጣት አለ፤ የወጪው ትልቁ ድርሻ የሐረጎ ነው። ገና ሐረጎን ስናጋምስ የሙቀቱ መርፌ ቀዩ ላይ ወጣ፤ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ተነሣ። እናታችንን አውርደን ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ አስቀመጥናት። ከአካባቢው ሁለት ልጆች በጀሪካን ውሃ አመጡልን፤ አላህ ይስጣቸው፣ ገንዘብ ብንሰጣቸው አልተቀበሉንም።

እዚህ ላይ የፊዚክስ መምህርነታችን ትንሽ ያስተዛዝባል። ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል እያልን እናስተምራለን፤ ከፍታ ሲጨምር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ደሴ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል እያልንም እናስተምራለን። የመኪና ራዲያተር ክዳኑ ግፊት እንዲይዝ ሆኖ የተሠራው ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ ነው። ክዳኑ ወይም ከውስጥ ያለው መግጠሚያ ከላላ ግፊቱ ይወጣል፤ ዳገት ላይ ሞተሩ ሲጨነቅ ውሃው ይፈላል። ይህን ሁሉ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስናስረዳ ኖረን፣ መኪናዋን ግን ሳትገዛ ዳገት ላይ እናውጣት ማለት አልመጣልንም።

ኮምቦልቻ ያለ አንድ የታወቀ መካኒክ ዘንድ አስጎትተን ወሰድናት። ሰውየው ወሬ አያበዛም። መጀመሪያ የሞተር ዘይቱን ክዳን ከፈተ፤ የክዳኑ ውስጥ ሻይ በወተት የመሰለ አረፋ ይዟል። ቀጥሎ ራዲያተሩን በውሃ ሞልቶ ሞተሩን ሲያስነሣ ውሃው ውስጥ እንደ ድስት ፍል አረፋ ተንተከተከ። «ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል፤ ቴስታታውም ሳይሰነጠቅ አይቀርም» አለ። ዘይቱን በጣቱ መሐል አሻሽቶ አሳየን፤ እንደ ማር የወፈረ ነበር። የጭሱንና የሞተሩን ድምፅ ለጥቂት ቀን ለማፈን ሆን ተብሎ የተሞላ መሆኑን ነገረን። በመጨረሻም የሹፌሩን በር ከፍቶ ከጠርዙ ላይ ተለጥፎ የቀረ አንድ የዘይት መቀየሪያ ወረቀት አሳየን፤ 214 ሺህ ኪሎ ሜትር ይላል። ሰሌዳው ላይ የሚታየው ደግሞ 128 ሺህ ነው። መኪናዋ ወደ ኋላ ሄዳ ነበር ማለት ነው።

ስህተታችን

በመታለላችን ሁሉም ሰው አዘነልን። ከዚያ በኋላ የሠራነውን ስህተት ግን ራሳችን ነን የሠራነው፤ ለአንባቢ የሚጠቅመውም እሱ ይመስለናል።

ነጋዴው ዘንድ ደወልን። «አብሽሩ! እንዴት ይሆናል? ለእኔ ጋራዥ አምጧትና በነፃ ትታያለች» አለ። ወሰድንለት። ጋራዡ ውሃና የሆነ ዱቄት ጨምሮበት መለሰልን፤ ሁለት ቀን ሠራች። እንደገና ፈላች። እንደገና ደወልን። «እሑድ ኑ»፤ «ዛሬ ሐዘን ላይ ነኝ»፤ «ልጁ መለዋወጫ ሊያመጣ አዲስ አበባ ሄዷል»። በመካከሉ ታናሻችን «ቁማ ከምትውል» እያለ በከተማው ውስጥ ሰው ያመላልስባት ጀመር። እንዲህ እንዲህ እያልን 19 ቀን ሞላን። በሃያኛው ቀን ነጋዴው ድምፁ ተለወጠ፤ «ውሉን አንብቡት፤ ባለችበት ሁኔታ ነው የገዛችሁት» አለን።

ዘግይተን እንደ ተረዳነው፣ ቀኖቹ የተገፉት እንዲያው አልነበረም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ መገልገያ ዕቃ የገዛ ሰው ጉድለት ቢያገኝ በገዛ በ15 ቀን ውስጥ ማስረጃውን ይዞ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። የእኛ ጥያቄ ሁሉ በስልክ የተደረገ ነበር፤ በወረቀት የተጻፈ አንድ ቃል አልነበረንም። ደግሞም ታናሻችን መኪናዋን ለሥራ ማዋሉ «ለቤተሰብ መገልገያ» የሚለውን ክርክር ያደክምብን ነበር።

በሩ ግን ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሽያጭ በሚናገርበት ክፍል፣ ከቁጥር 2287 ጀምሮ፣ ሻጭ የሸጠው ነገር ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ኃላፊ እንደ ሆነ ይናገራል። ገዢም እንደ ተመቸው ወዲያው ዕቃውን እንዲመረምር፣ ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ጉድለቱን ለይቶ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዝዛል። ካስታወቀ በኋላ ለመክሰስ አንድ ዓመት አለው። «ባለበት ሁኔታ» የሚለው ሐረግም ቢሆን ሻጩ እያወቀ በተንኮል የሸሸገውን ጉድለት አይሸፍንለትም። አንድ የሕግ ባለሙያ ይህን ሲያስረዳን መጀመሪያ የጠየቀን «መቼ አወቃችሁ? መቼ ነገራችሁት? በምን ታስረዳላችሁ?» ብሎ ነው። እኛ የነበረን የስልካችን የጥሪ ዝርዝርና የመካኒኩ አንደበት ብቻ ነበር። በዚያው ቀን ለመካኒኩ የምርመራውን ውጤት ቀንና የኪሎ ሜትሩን ቁጥር ጨምሮ አስጻፍነው፤ ለነጋዴውም ማስታወቂያ ጽፈን ቅጂው ላይ አስፈረምነው። ይህ በሦስተኛው ቀን መደረግ የነበረበት ነው።

አንዳንድ ወዳጆቻችን «ለምን ሸሪዓ ፍርድ ቤት አትሄዱም?» አሉን። ብዙ ሰው የማያውቀው ስለ ሆነ መጥቀሱ ይበጃል፤ በአገራችን የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች የሚዳኙት ጋብቻን፣ ፍቺን፣ ቀለብን፣ ውርስን፣ ወቅፍንና እነዚህን የመሳሰሉ ጉዳዮችን ነው፤ ያውም ሁለቱም ወገን ሲስማሙ። የመኪና ሽያጭ የመደበኛው ፍርድ ቤት ጉዳይ ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱም ወገን ሙስሊም በሆኑበት ሽምግልና ዑለማ ገብተው በፊቅህ ሚዛን ማስታረቅ ይችላሉ። እኛም ከክሱ በፊት ይህን መረጥን።

ሽምግልናው

የተቀመጥነው ደሴ፣ ሸዋ በር አካባቢ በሚገኝ አንድ ቤት ነው። ሦስት ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ከእነሱ አንዱ ዕድሜያቸው የገፋ ሼህ ናቸው። ነጋዴው ውሉን አወጣ። እኛ የመካኒኩን ወረቀት አወጣን።

ሼሁ በመጀመሪያ የተቆጡት እኛን ነው። «ልጆቼ፣ ጉድለቷን ካወቃችሁ በኋላ ስንት ቀን ነዳችኋት?» አሉን። ነገርናቸው። ጉድለት ያለበትን ዕቃ የመመለስ መብት፣ ኺያረል ዐይብ የሚባለው፣ በሸሪዓ የታወቀ ነው። ነገር ግን በሻፊዒይ መዝሀብ ገዢው ጉድለቱን እንዳወቀ ያለ ምክንያት ሳይዘገይ መመለስ አለበት፤ እያወቀ መገልገሉን ከቀጠለ እንደ ወደደው ይቆጠራል። በሐነፊይ መዝሀብ በጊዜው በኩል ሰፋ ያለ ነው፤ እያወቁ መገልገል ግን እዚያም መብትን ይጎዳል። ወሎ ላይ ሁለቱም መዝሀብ ስለሚቀራ ሼሁ ሁለቱንም አብራሩልን። ነጋዴው ፊቱ ፈካ።

ቀጥለው ወደ እሱ ዞሩ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግመልን ወይም በግን ግቷ ሞልቶ እንዲታይ ሳያልቡ አቆይቶ መሸጥን እንደ ከለከሉ፣ እንዲህ ያለችውን የገዛ ሰው ካለባት በኋላ የመመለስ ምርጫ እንደ ሰጡት አስታወሱት። «ግቷን አስሮ መሸጥና ሞተሯን በወፍራም ዘይት አፍኖ መሸጥ ልዩነቱ ምንድን ነው?» አሉት። ነጋዴው «ሼኻችን፣ እኔ መካኒክ አይደለሁም፤ እንደ ገዛኋት ነው የሸጥኳት፤ ባለችበት ሁኔታ ተብሎ ተጽፏል» አለ።

በዚህ ጊዜ ሼሁ አንድ የፍርድ ታሪክ ነገሩን፤ በኢማም ማሊክ ሙወጣእ ውስጥ ያለ ነው። ዐብደላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ.) በዚያ ዘመን እንደ ነበረው ሥርዓት አንድ ባሪያ በ800 ዲርሃም ሸጡ፤ የሸጡት ከጉድለቱ ነፃ ነኝ በማለት ነው፤ ዛሬ «ባለበት ሁኔታ» እንደሚባለው። ገዢው «በሽታ ነበረበት፤ አልነገሩኝም» ብሎ ከዑስማን (ረ.ዐ.) ዘንድ ቀረበ። ዑስማን የፈረዱት ኢብኑ ዑመር ሲሸጡ በሽታውን እንደማያውቁ እንዲምሉ ነው። እሳቸው መማልን እምቢ ብለው ባሪያውን መልሰው ወሰዱ። ከጊዜ በኋላ ድኖ በ1500 ዲርሃም ሸጡት።

ሼሁ ይህን ጨርሰው ነጋዴውን «እንግዲህ አንተም ማል። ስትሸጥላቸው ውሃ እንደምታፈላ አላውቅም ነበር በል፤ ጉዳዩ እዚህ ያልቃል» አሉት።

ቡና እየተቀዳ ነበር። ሰውየው ሲኒውን አንሥቶ መልሶ አስቀመጠው። ሲሸጥልን በየመካከሉ «ወላሂ» ሲል የነበረ ሰው ነው፤ አሁን ግን አንድ ጊዜ እንኳ አላለም። ብዙ ቆይቶ «ስንት ይበቃቸዋል?» አለ። እውነቱን ለመናገር፣ እኛ በዚያች ደቂቃ በሰውየው ላይ የነበረን ቂም ግማሹ ለቀቀን። በሐሰት መማል ይችል ነበር፤ አልማለም።

መኪናዋን መልሶ ገንዘቡን በሙሉ እንዲሰጥ ለመጠየቅ የእኛ መዘግየትና መገልገል እንቅፋት ሆነብን። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ የሄዱት በአርሽ መንገድ ነው፤ ዕቃው መመለስ ካልቻለ በጉድለቱ የተነሣ ከዋጋው የጎደለውን ሻጩ ይከፍላል። መካኒኩ ማሠሪያውን 115 ሺህ ብር ገምቶት ነበር። ክርክር ተደርጎ በ70 ሺህ ብር ተስማማን። ነጋዴው ታናሻችን በመኪናዋ ሠርቶ ያገኘው ገንዘብ ይቀነስልኝ ብሎ ነበር፤ ሼሁ አልተቀበሉትም። ዕቃው ቢጠፋ ኪሳራው በገዢው ላይ ስለሚወድቅ ጥቅሙም የእሱ ነው የሚለውን የሐዲስ መርሕ ጠቅሰው ዘጉት። ገንዘቡ በሁለት ጊዜ ተከፈለን።

ሁለተኛው ፈተና

ታሪኩ እዚህ ያበቃ መስሎን ነበር። 70 ሺህ ብር ግን መኪናዋን አያሠራም፤ የመምህር ደመወዝም የቀረውን አይሞላም። እንሽጣት ተባለ። አንድ ደላላ ቤት ድረስ መጣ። «እሷን ለእኔ ተዉልኝ፤ ዘይቱን አወፍርላትና ሎጊያ ወይም ሚሌ አወርዳታለሁ፤ ሜዳ ነው፤ ዳገት የለም፤ ለወር አትፈላም። 550 አስወጣላችኋለሁ» አለ።

አንባቢ ይፍረድ! በዚያ ሌሊት ሁለታችንም አልተኛንም። ታናሻችን «ጉድለቱን እኛ አላመጣነውም፤ የእታለም የስድስት ዓመት ላብ ነው፤ እንደ መጣችብን እንሸኛት» አለ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። የተታለለ ሰው ሁሉ የሚያስበውን ነው የተናገረው። ያ ነጋዴስ ከሌላ ሰው እንዲሁ ተታልሎ ገዝቷት እንደሆነ ማን ያውቃል?

በ1970 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጆርጅ አከርሎፍ የተባለ አሜሪካዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ ስለ ያገለገሉ መኪኖች ገበያ አንድ ጽሑፍ አውጥቶ ነበር፤ በዚሁ ሥራው በ2001 ከሌሎች ሁለት ምሁራን ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። አሜሪካውያን እንዲህ ያለችውን መኪና «ሎሚ» ይሏታል። (የረመዳን ሾርባችን ላይ የምንጨምቀው ሎሚ ምን እንደ በደላቸው እንጃ!) የአከርሎፍ ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፤ ሻጭ ጉድለቱን እያወቀ ገዢ ሳያውቅ ሲቀር፣ ገዢዎች ሁሉንም መኪና ይጠረጥራሉ፤ ስለሚጠረጥሩም ለሁሉም ዝቅ ያለ ዋጋ ይሰጣሉ። ደኅና መኪና ያለው ሰው በዚያ ዋጋ አልሸጥም ብሎ ከገበያው ይወጣል። ገበያው ውስጥ የሚቀሩት ሎሚዎቹ ናቸው። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ መኪና ሊገዛ የወጣ ሰው መሐላ ሰምቶ የማያምነው ለዚህ ነው።

በማግስቱ ለእህታችን ደወልንና ሁለቱንም መንገድ ነገርናት። ዝም አለች። ከዚያ «ሚሌ ላይ የሚገዛትስ ሰው እህት የለችውም?» አለችን። ሌላ ነገር አልጨመረችም፤ አሠሪዋ ጠርታት ስልኩን ዘጋች።

ይህ የእህታችን ንግግር በመድረሳ የተማርነውን የዋሲላ ኢብኑል አስቀዕን (ረ.ዐ.) ታሪክ አስታወሰን። አንድ ሰው ግመል በ300 ዲርሃም ሸጠ። ዋሲላ ከሻጩም ከገዢውም ወገን አልነበሩም፤ እንዲያው አጠገባቸው ቆመው ነበር። ገዢው ግመሏን ይዞ ሲሄድ ተከትለው ሮጡና ለሥጋ ነው ወይስ ለመጓጓዣ የገዛሃት አሉት። ለመጓጓዣ ነው ሲላቸው እግሯ ላይ ቁስል እንዳለባት፣ ረጅም መንገድ እንደማትችል ነገሩት። ሰውየው መለሳት፤ ሻጩ 100 ዲርሃም ቀነሰለት። ሻጩ ገበያዬን አበላሸህብኝ ብሎ ሲወቅሳቸው፣ ለሙስሊም ሁሉ ቅን ምክር ሊሰጡ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቃል መግባታቸውን ነገሩት። ዋሲላ የሮጡት የራሳቸው ባልሆነ ግመል ነው። የእኛ ግን የራሳችን ናት።

ደላላውን አሰናበትነው። መኪናዋን ለሽያጭ ስናቀርብ በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ እንዲህ ብለን ጻፍን፤ ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል፤ ቴስታታው ተሰንጥቋል ተብሎ ይጠረጠራል፤ ዳገት ላይ ውሃ ታፈላለች፤ የኪሎ ሜትር ሰሌዳው እውነተኛ አይደለም፤ ፍሬኗ ደኅና ነው። የመጨረሻውን የጻፍነው ታናሻችን «አንድ እንኳ ጥሩ ነገር ጨምሩባት እንጂ!» ስላለ ነው፤ እውነትም ነበር።

አራት ሳምንት ሙሉ የጠየቀን ሁሉ ወረቀቱን አንብቦ እየሳቀ ሄደ። አንዱ «እንዲህ ተብሎ መኪና ይሸጣል?» ብሎን ነበር። በመጨረሻ የገዛት መካኒክ ነው፤ ያ የመጀመሪያው አይደለም፤ ሌላ ወጣት፣ የራሱን ጋራዥ ገና የከፈተ። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ራሱ አስነሣት፤ ኮፈኑን በእጁ ነካ፤ ላሜራውን በማግኔት እየዳሰሰ ስቱኮ ያለበትን ቦታ ፈለገ፤ የሻንሲና የሞተር ቁጥሯን ከሊብሬው ጋር አስተያየ፤ እግድና ያልተከፈለ ቅጣት እንደሌለባት መንገድ ትራንስፖርት ሄዶ አረጋገጠ። ከዚያ «ሐረጎን ላውጣት» አለ። እኛ ያላደረግነውን ሁሉ ሲያደርግ ቆመን አየን። ዳገቱን አጋምሶ ስትፈላ አቆማትና ስቆ «እንደ ጻፋችሁት ናት» አለ። በ410 ሺህ ብር ተስማማን። ወረቀታችን ከውሉ ጋር ተያይዞ ተፈረመበት።

ሒሳቡን እናስቀምጠው፤ 540 ሺህ ወጣ፤ 70ውና 410ሩ ተመለሰ። ለስም ማዛወሪያ፣ ለጎታችና ለጋራዥ የወጣውን ሳንቆጥር 60 ሺህ ብር ከሰርን። እህታችን የጠየቀችን የገንዘቡን ቀሪ አልነበረም፤ ያንን ወረቀት ፎቶ አንሥተን እንድንልክላት ነው። ላክንላት።

እናታችን አሁንም ለክትትሏ የምትሄደው በሚኒባስ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ቀን አብረናት ወደ ደሴ ስንወጣ ሐረጎ ላይ አንዲት ዲኤክስ ሚኒባሳችንን ቀድማ አለፈች። ሹፌሩ አውቆን ጥሩንባ ነፋልን። እናታችን በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ እስክትታጠፍ ድረስ አየቻት።

«የኛዋ ናት?» አለችን።

«አዎ፣ እሷ ናት።»

«ውሃ አልፈላባትም?»

«አልፈላባትም።»

«አልሐምዱሊላህ» ብላ መስኮቱን ዘጋችው፤ ብርዱ አይሎ ነበር።